ወረታ ላይ ያመለጠን አውቶቡስ

መኪና መሳፈርማ ማን ያቅተዋል? ወጥቶ መቀመጥ ነው። መኪና መቀየር ግን ጥበብ ነው። ከአንዱ ወርዶ፣ ጋቢ አራግፎ፣ ጓዝ ለቃቅሞ፣ አቧራው መሐል ቆሞ የሚሄደውን ከሚመጣው ለይቶ፣ ደግሞ ሌላው ላይ መውጣት። ሰው ጠጅ እንደሚወድ፣ ሰው አደን እንደሚወድ፣ እኔ ይህን ወደድሁ። በቀጥታ የሚያደርሰኝ አንድ መኪና እያለ ሦስት ቀይሬ ብደርስ ነፍሴ ትረካለች። ቤተ ክርስቲያናችን ደጃችን ላይ ባትሆን ኖሮ፣ ቅዳሴ ስሄድም ግማሽ መንገድ ላይ ወርጄ የምቀይረው ነገር አላጣም ነበር። ይህን የሚሉት የሚያሙኝ ሰዎች ናቸው። ሐሜት ነው ልል አስቤ ነበር፤ ግን ልክ ናቸው።

ለእንዲህ ያለ አመል እግዚአብሔር ወረታን ሰጠኝ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና ከደብረ ታቦር የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት ወረታ ላይ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ጢም አበቀልሁ ብዬ አገጬን በምዳብስበት ጊዜ፣ መገንጠያው ማለት አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር የማይነሡ ወሬኞች፣ ፊት ለፊት ደግሞ የጨውና የአቡጀዲ ሱቆች ነበሩ። ለእኔ የዓለም እምብርት ነበር። ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው እንኳ ወረታ ላይ ሳይቀይር የሚደርስ አይመስለኝም ነበር።

መኪናዎቹን ገና ሳይቆሙ አውቃቸዋለሁ። ከደብረ ታቦር የመጣው ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጠ ስለሚወርድ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ከባሕር ዳር የመጣው ዓሣ ይሸታል። ከጎንደር የመጣው ምንም አይሸትም፤ ተሳፋሪዎቹ ግን አንገታቸውን ሰብቀው፣ ፋሲለደስ ግቢ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ይመስል በዝግታ ይወርዳሉ። ጆሮዬን መሬት ላይ ደፍቼ ሐሙሲት ላይ ሞተር ሲነሣ እሰማለሁ እያልሁ ለሾላው ሥር ወሬኞች እምል ነበር። ውሸት ነው። የምሰማው ሲነሣ ሳይሆን ጉማራ ወንዝን ሲሻገር ነው።

ሰው ደግሞ ባሕርዩ የሚታወቀው ሲቀይር ነው። የሚፈራው የወረደበትን መኪና እጀታ ቶሎ አይለቅም። ኩሩው ጓዙን ሌላ እስኪያወርድለት ቆሞ ሰማይ ያያል። አንድ የጣራ ገዳም መነኩሴ ነበሩ፤ በዓመት አንዴም ሁለቴም ያልፋሉ። እሳቸው ከወረዱ በኋላ ዞረው መኪናው ፊት ይቆሙና፣ በእጅ መስቀላቸው ግንባሩን ባርከው፣ «ያደረሰን አምላክ አንተንም ያድርስህ» ይሉታል። ለሾፌሩ አይደለም፤ ለመኪናው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሰው ይስቅባቸዋል። እኔም ስቄአለሁ። ዛሬ ጸጉሬ ገብስማ ሆኖ እኔው ራሴ ይህን ሳደርግ ልጆቼ ዘወር ብለው የማያውቁኝ ይመስላሉ።

ሚስቴንም ያገኘኋት እዚያው ስትቀይር ነው። ከአክስቷ ጋር ደብረ ታቦር ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ፣ ወረታ ላይ ወርደው የይፋጉን መኪና ይጠብቁ ነበር። ቤታቸው ይፋግ ነው። አክስቷ በክንዳቸው ሥር ይዘዋት የነበረች አንዲት ቀይ ዶሮ እስሯን ፈታ አመለጠችና ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ በተነሣ መኪና ላይ ዘላ ወጣች። ዶሮዋ ከእኔ የባሰች ቀያሪ ነበረች። ሮጥሁ። እኔ እንደምተርከው ከሆነ የያዝኋት ጉማራ ድልድይ ላይ ነው፤ ሚስቴ እንደምትተርከው ከሆነ ከሾላው ጀርባ። ብቻ ይዤ መጣሁ። ልጅቱ ዶሮዋን ተቀብላ፣ «እግዜር ይስጥህ፤ ላባው ግን ጸጉርህ ላይ ቀርቷል» አለችኝ። ላባውን አላነሣሁትም። ሦስት ቀን አልታጠብሁም ብል ማን ያምነኛል?

ከዚያ ወዲያ አክስቷ በወረታ ባለፉ ቁጥር መገንጠያው ላይ እኔን ያገኛሉ። ጓዛቸውን አወርዳለሁ፣ ጓዛቸውን እጭናለሁ፣ ወንበር እይዝላቸዋለሁ። ሴትየዋ ሞኝ አልነበሩም። የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁ፣ አባቴ በልጅነቴ እንደሞተ፣ ያሳደገኝም የአባቴ ታላቅ ወንድም እንደሆነ ሰሙ፤ ለልጅቱም ጠቀስ አደረጉላት መሰለኝ። በጥቅምት መጨረሻ ቀጠሮ ይዘውልኝ መጡ። ቀጠሮው ግን ሰይፍ ነበር። ከአዲስ ዘመን በኩል የከብት ሀብታም የሆነ ቤተሰብ ለልጁ ሊጠይቃት አስቀድሞ ቃል ልኳል፤ እሑድ ይመጣሉ። አባቷ ያሉት በአክስቷ አፍ ይህ ነበር፤ የፎገራው ልጅ ሽማግሌዎች ሐሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረሱ እሰማቸዋለሁ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ግን ለእሑዶቹ እሰጣለሁ።

በአገራችን ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ አይቀመጥም። ቤት ይገባል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ተቀመጡ ሲባል «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። ልጅቱ ከተፈቀደች ይቀመጣል። ካልተፈቀደች እንደቆመ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ በሁለት ይከፈል ነበር፤ በጊዜ መድረስና መቀመጥ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው አጎቴ፤ ሰው ሁሉ «አያ» እያለ የሚጠራቸው፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ሰው። ሁለተኛው የደብራችን መምሬ። ሦስተኛው መገንጠያው ላይ ሱቅ የነበራቸው ሐጂ፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ የጨው ሚዛናቸው ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት የሚማልበት ሰው። መምሬ መስቀል፣ ሐጂ የሙስባሐ መቁጠሪያ ይዘው ለአንድ የሙት ልጅ ሚስት ሊለምኑ ተስማሙ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ቀልዴ ይበላሽብኛል።

አጎቴ ያሰቡት ጎሕ ሲቀድ በበቅሎ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይፋግ መግባት ነበር። እኔ እያለሁ? ቤታችን ከጣና ዳር ነው፤ በኅዳር የክረምቱ ውኃ ገና ሜዳውን ለቆ አላለቀም፤ ጭቃው በቅሎ ውጦ ጆሮዋን ብቻ ይተፋል። ስለዚህ እንዲህ አቀድሁ። እስከ ደረቁ መሬት በታንኳ፣ ከዚያ እስከ ወረታ በዘመዶቻችን በቅሎ፣ ወረታ ላይ ሐጂን ተቀብለን ከሐሙሲት ገበያ በሚመለሰው አውቶቡስ እስከ ይፋግ። ሁለት ቦታ መቀየር ነው! አጎቴ አንዴ አዩኝና፣ «አንተ ሚስት ነው የምትፈልግ ወይስ መንገድ?» አሉኝ። ሁለቱንም አልሁ። እናቴ ደግሞ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም ብላ ልታስቀረኝ ነበር። ይፋግ ስደርስ ከቤቱ እንደማልጠጋ፣ ከመንገድ መሪነት እንደማላልፍ ስምልላት ለቀቀችኝ።

ለሁሉም ጊዜ ሰጥቻለሁ። ለነፋሱ፣ ለማዕበሉ፣ ለበቅሎዋ እልህ፣ ለአጎቴ የጉልበት ቁርጥማት። አንድ ነገር ብቻ አልታሰበኝም፤ ክብር።

ክብር ገና ታንኳው ዳር ጀመረን። ደንገል ታንኳ እንደምታውቁት ጠባብ ናት፤ አንድ ሰው ቀድሞ መግባት አለበት። አጎቴ «መምሬ ይቅደሙ» አሉ። መምሬ «በዕድሜ እርስዎ ይበልጣሉ፣ አያ ይቅደሙ» አሉ። አጎቴ ክህነት ከዕድሜ ይበልጣል አሉ። መምሬ የነገሩ ባለቤት እርስዎ ነዎት አሉ። በሞቴ ተባለ። እኔ ቆሜ ተባለ። ቀዛፊው ሲያቅተው መቅዘፊያውን ተመርኩዞ አሸለበ፤ በውኃው ዳር የነበሩት ወፎች ጫጩት ፈልፍለው አሳደጉ። በመጨረሻ መምሬ እያማረሩ ቀደሙ። ደረቁ መሬት ደርሰን ስንወርድ ደግሞ ማን ይውረድ መጣ። ከዚያ በቅሎዎቹ ጋ፣ ማን ለማን እርካብ ይያዝ። አጎቴ የመምሬን እርካብ ያዙ፤ መምሬ «ሽማግሌ እርካብ ይዞልኝ አልወጣም» ብለው ወረዱና የአጎቴን ያዙ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በአንድ በቅሎ ቀጥ ብለን ብንሄድ መከባበሩ አንዴ ሲወጡ፣ አንዴ ሲወርዱ ብቻ ነበር። እኔ መቀየሪያ ባበዛሁ ቁጥር መከባበሩን አባዝቼዋለሁ።

እንደዚያም ሆኖ ወረታ በሰዓቱ ደረስን። ሐጂ ንጹሕ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ሱቃቸው ደጃፍ ቆመዋል። አውቶቡሱም ከሐሙሲት መጣ፤ የገበያ ሰው ጢም ብሎበት፣ ጣራው ላይ ቅርጫትና ዶሮ ተቆልሎበት። ሦስት ባዶ ቦታ እንዳለ ከረዳቱ አረጋገጥሁ። ረዳቱ ወፍራም ሪዝ ያለው ጎልማሳ ነው፤ ያውቀኛል። በሩን ከፍቶ «ቶሎ በሉ» አለ።

ሦስቱም በሩ ፊት ቆሙ።

ሐጂ መምሬን እንዲቀድሙ ጋበዙ። መምሬ፣ ሐጂ በዕድሜ አባታቸው እንደሚሆኑ ተናግረው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አጎቴ ሁለቱም እንግዶቻቸው ስለሆኑ እሳቸው መጨረሻ እንደሚገቡ ገለጡ። ሐጂ ወረታ የእሳቸው አገር ስለሆነ እንግዶቹ እነሱ እንደሆኑ መለሱ። «ቄስ ቆሞ እኔ ልግባ? ነገ በዚህ ሱቅ ማን ይገዛኛል?» አሉ። መምሬ በመስቀላቸው ማሉ፤ ሐጂ በወላሂ ማሉ፤ አጎቴ በሞተው ወንድማቸው፣ በአባቴ ማሉ። አንዱ የሌላውን ክርን ይዞ ወደ በሩ ይገፋል፣ የተገፋው ደግሞ ዞሮ የገፋውን ይገፋል። ጋቢ ከጋቢ ተጠላለፈ። አንድ ጊዜ መምሬ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ ወጥቶ ነበር፤ ልቤ ዘለለች፤ ሐጂን ወደ ኋላ ያስቀሩ መሰላቸውና እግራቸውን መልሰው አወረዱ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጸሎት የማውቀውን ሁሉ ጨረስሁ።

በመስኮቱ በኩል ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ አዲስ ጥቁር ጃንጥላ በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሩ ላይ የሚሆነውን እያዩ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። አየኋቸውና በልቤ ረገምኋቸው። ሰው ሚስቱ ስታመልጠው አንተ ትስቃለህ አልሁ፣ አንቱታውን እንኳ ትቼ።

ረዳቱ የአውቶቡሱን ገላ ሁለት ጊዜ ደበደበ። አውቶቡሱ ሄደ። ሦስቱ ሽማግሌዎቼ አቧራው ውስጥ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቀሩ። አቧራው ሲገለጥ መጀመሪያ የተናገሩት መምሬ ናቸው፤ «ይኸው፣ ቢቀድሙ ኖሮ» አሉ ለሐጂ።

ወደ ጎንደር የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ በዚያ ቀን አልነበረም። ፀሐይ ወደ ጣና ማዘንበል ጀምራለች። እንደኔ ያለ የመገንጠያ ሊቅ፣ ሞተር በመሬት የሚሰማ ሰው፣ ጆሮዬን መሬት ላይ ደፋሁ። እውነቴን ነው፣ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነው።

ብዙ ቆይቶ ከጎጃም በርበሬ የጫነ ካሚዮን መጣ። ሾፌሩ ግንድ የሚያህል ሰው ነው፤ ከፊቱ ሮጬ ገባሁና ነገሩን ነገርሁት። ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንደሚይዝ፣ ሌሎቹ በርበሬው ላይ እንደሚወጡ ተናገረ። አንድ ቦታ! ከዚያ የከፋ ነገር ሊናገር አይችልም ነበር። ገና አንድ ሲላቸው ሦስቱም በአንድ ድምፅ «በጭራሽ» አሉ። ሾፌሩ ጥቂት አዳመጣቸው። ከዚያ ወርዶ፣ ሦስቱን አንድ በአንድ እያየ እንዲህ አለ።

«አባቶቼ፣ አንዳችሁ በቀኝ፣ አንዳችሁ በግራ፣ አንዳችሁ በኋላ ቁሙ። እኔ ጥሩንባ ስነፋ ሦስታችሁም ባንድ ጊዜ ትወጣላችሁ። ቀዳሚ የለም።»

ተመካከሩ። ነውር የለበትም ተባለ። ጥሩንባው ተነፋ፤ ሦስት ሽማግሌ በሦስት በኩል በርበሬ ጆንያ ላይ ተንጠላጠለ። ሰሎሞን ከዚህ የተሻለ ፍርድ ፈርዶ ከሆነ እኔ አልሰማሁም። ጋቢናው ባዶውን ሄደ። እኔም አልገባሁበትም፤ ሽማግሌ ውጭ ተቀምጦ ማን ይገባል? ያን ሾፌር ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም፤ በየዓመቱ በዚያ ወቅት ግን ስሙን ሳላውቀው ጽዋ አነሣለታለሁ።

የበርበሬው ነገር የጀመረው ርብ ድልድይ ላይ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጆንያው ይተነፍሳል። መጀመሪያ አጎቴ አነጠሱ፤ መምሬ «ይማርዎ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸውም ተከተሉ። ሐጂ በጥምጣማቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ አላዳናቸውም። እስከ ይፋግ ያነጠስነው ማንጠስ ቢሰበሰብ የአንድ ክረምት ነፋስ ይወጣው ነበር። ሜዳው ላይ የነበሩ ከብቶች ደነበሩ። ስንወርድ የሦስቱም ዓይን ፍም መስሎ እንባው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ፀሐይዋም እኛ ስንወርድ እሷም ወረደች። ጣና በኩል ጠርዟ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ቤቱ የሚወስደውን አቀበት ሳይጨርሱ እሱም ጠፋ።

እኔ እንደ መሐላዬ መንገዱ ዳር ዛፍ ሥር ቀረሁ። መጠበቅ እችላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መገንጠያ ላይ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለ መጠበቅ ግን አይቼ አላውቅም። ከአዲስ ዘመን የሚመጡትን ሽማግሌዎች በሐሳቤ አየኋቸው፤ ሁሉም በጊዜ ይደርሳሉ፣ አንዳቸውም አያነጥሱም። የዶሮዋን ላባ በኪሴ ይዤው ነበር፤ አውጥቼ አየሁትና መለስሁት። አጎቴ ያሉኝ በበቅሎ ነበር። መሸ። የቤቱ በር ተከፍቶ የእሳት ብርሃን ታየ፤ አንድ ሰው በዱላ መንገዱን እየነካካ ወደ እኔ ወረደ። ነጭ ጥምጣሙን አየሁት።

ሐጂ አጠገቤ ቆሙ። አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ተቀምጠናል» አሉኝ።

ይህን ብቻ። ጉልበታቸውን ስሜ ስጨርስ ደግመው አነጠሱ።

የሆነውን በኋላ ከሦስቱም፣ በሦስት ዓይነት ሰማሁት። ሲገቡ የልጅቱ አጎት በሩ ላይ ቆሞ «ፀሐይ ጠልቃለች፣ ቀጠሮው አልፏል» ብሎ ሊመልሳቸው ነበር። እናቷ ግን የእንባቸውን ነገር አይታ ደነገጠች። ሦስት ሽማግሌ፣ ያውም አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሐጂ፣ ለአንድ የሙት ልጅ ብለው እንዲህ ሲያለቅሱ በዕድሜዋ አላየችም፤ እሷም ማልቀስ ጀመረች። በርበሬ ነው የሚላት አልተገኘም፤ መምሬ ውሸት ስለማይናገሩ ዝም አሉ። አባትየው ደግሞ ከመደቡ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ተመለከቱና፣ የጠለቀች ሳትሆን ደመና የሸፈናት ናት አሉ። በኅዳር ጥርት ያለ ሰማይ ላይ ደመና! የልጅቱ አጎት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ከበሩ ዘወር አለ። ለመምሬና ለአጎቴ እራት ቀረበ፤ ሐጂ የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ ማርና ወተት ለብቻቸው ተዘጋጅቶ ነበር። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ! ሐጂ ይህን ደጋግመው ያወሩት ነበር፤ «እንደምመጣ በምን አወቁ?» እያሉ።

በማግሥቱ ጠዋት አባትየው ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ መንገድ ድረስ ወረዱ። እኔ በአክስቷ ቤት አድሬ ከዛፉ ጀርባ ተደብቄ ነበር፤ የወደፊት አማች ዓይን ለዓይን አይተያይም። አየኋቸው። ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። ትላንት በመስኮት የሚስቁት፣ እኔ በልቤ የረገምኋቸው ሰው ናቸው። ዛፉ ቀጭን ሆነብኝ።

አውቶቡሱ ከጎንደር መጣ፤ ያው አውቶቡስ፣ ያው ባለ ሪዝ ረዳት። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቼ ተያዩ። «ሐጂ ይቅደሙ» አሉ መምሬ። ረዳቱ ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ። ይህን ጊዜ አባትየው ጃንጥላቸውን በብብታቸው ሸጎጡ፣ በመሐላቸው ሰንጥቀው አለፉ፣ ቀድመው ገቡና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ምን ይበሉ? ባለቤቱ ቀድሟል፤ ተከትለው ገቡ። እኔም በኋላው በር ገባሁ። ረዳቱ ገላውን ደበደበ፤ አባትየው ሳይወርዱ መኪናው ሄደ። ሸኚው ከእንግዶቹ ጋር ርብን ተሻግሮ ወረታ ደረሰ።

ወረታ ላይ የይፋግ መመለሻ እስኪመጣ ድረስ አባትየው ሾላው ሥር ተቀመጡ። አጎቴ ወደ እሳቸው ሄጄ መኪናቸውን እንድይዝላቸው በዓይናቸው አዘዙኝ። ጎንበስ እንዳልሁ ራቅ ብዬ ቆምሁ።

«ዶሮ ያባረርኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ነኝ አልሁ።

«ትላንት በሩ ላይ ሳያቸው የማን ሽማግሌዎች እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ። ወርጄ ወደ መኪናው ላስገባቸው ብዬ ነበር። ግን የልጄን ጠያቂ እጁን ይዤ ላስገባ? ነውር ነው። ስለዚህ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ፣ ‹አንድ ቄስና አንድ ሐጂ ስለሚመጡ ማርና ወተት አዘጋጂ፤ በምን እንደሚመጡ ግን አላውቅም› አልኋት።» ጃንጥላቸውን በመሬቱ ላይ አዞሩ። «ከዚያ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይዋን ስጠብቅ ዋልሁ። ሰዎች በእንዲህ ያለ ነገር አውቶቡስ ካመለጣቸው፣ ልጄ እነሱ ቤት ገብታ ማን ይገፋታል አልሁ። አንዴ ለመጥለቅ ስትቃረብ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ እንዳላያት።»

የይፋጉ መኪና ድምፅ ሲሰማ ቀድሜ ሮጬ የፊት ወንበር፣ የመስኮት በኩል፣ ከፀሐይ ተቃራኒ ያዝሁላቸው። መቀየር እንዴት እንደሚደረግ፣ ከየት በኩል ቆመው ቢጠብቁ ደረጃው ፊታቸው ላይ እንደሚቆም ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ዓመት በኋላ ያለ ጉዳይ ወደ ወረታ መምጣት ጀመሩ፤ መጥተው፣ ወርደው፣ ሾላው ሥር ከእኔ ጋር ተቀምጠው፣ ቀይረው ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ምን ሊሠሩ እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው ጨው ነው ይላሉ። ቤታቸው የተጠራቀመው ጨው የሙት ባሕርን ሁለተኛ ይሞላ ነበር።

ሦስቱም ሽማግሌዎቼ፣ አማቴም አሁን የሉም። ማን ቀድሞ እንደገባ አላወራም፤ በዚያ በር እንኳ ሲገፋፉ ብዙ የዘገዩ ይመስለኛል። ሚስቴ አለች፤ ተመስገን። አብረን ስንሄድ ዛሬም ወረታ ላይ ወርደን እንቀይራለን፤ በቀጥታ የሚሄድ መኪና ቢኖርም። በሩ ሲከፈት ከአጎቴ በተማርሁት ወግ ወደ ኋላ እልና «አንቺ ቅደሚ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ» ብላ አታውቅም። የአባቷ ልጅ ናት፤ ገብታ በመስኮት በኩል ትቀመጣለች። እኔ የወረድንበትን መኪና ግንባር ዳብሼ፣ ያደረሰን አምላክ አንተንም ያድርስህ ብዬ ስመለስ በመስታወቱ ውስጥ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ስትስቅ አያታለሁ።